አንድ ወደብ፣ ሁለት አለቃ፦ የጦር መርከብና የንግድ መርከብ በማሰሪያ ቦታ ለምን ይጣላሉ?

ልጅ ሆኜ ክረምት ክረምት አያቴ ጋ ገጠር እሄድ ነበር። ጥጃዋን ሜዳ ላይ በችካል ማሰር የኔ ሥራ ነበር። ገመዱን ካስረዘምኩት የጎረቤት ማሳ ትገባለች። ካሳጠርኩት ደግሞ ሳሩ ቶሎ ያልቅባታል። ማታ ልፈታት ስመለስ በችካሉ ዙሪያ ሳሩ ክብ ሆኖ ተግጦ አገኘዋለሁ። በኮምፓስ የተሰመረ ነው የሚመስለው።

መልህቅ የጣለ መርከብም እንደዚያች ጥጃ ነው። ይህን ከያዛችሁ የቀረው ይቀላል።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ እኛ ዘንድ ስለ ባህር በር ብዙ ይወራል። በወሬው መሃል "ወደብ" እና "የባህር ኃይል ሰፈር" እንደ አንድ ነገር ተያይዘው ሲነሱ እሰማለሁ። ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። አንድ ውሃ ላይ ሲገናኙ ብዙ ጊዜ ይጋፋሉ። ይህን በደንብ የሚያሳየው እንግሊዞች በቅኝ ግዛት ወደቦቻቸው ውስጥ እርስ በርሳቸው የተጨቃጨቁበት ታሪክ ነው። በአንድ ወገን የቅኝ ግዛቱ አስተዳደር አለ። በሌላው ወገን የንጉሣዊው ባህር ኃይል። ጥያቄያቸው አንድ ነበር፦ ማን የት ይታሰር? እኔ ማልታንና ሆንግ ኮንግን መርጫለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ባህር ሰፊ ሆኖ ሳለ ቦታ እንዴት ይጠባል?

ባህሩማ ሰፊ ነው። ወደቡ ነው ጠባቡ።

መርከብ የትም አይቆምም። ከማዕበል የተከለለ፣ ጥልቀቱ የሚበቃ፣ መልህቅ የሚይዝ ወለል ያለው፣ ለየብስ ቅርብ የሆነ ቦታ ይፈልጋል። እነዚህን ሁሉ የሚያሟላ ውሃ በአንድ ወደብ ውስጥ ትንሽ ነው። ከዚያችም ላይ ለመተላለፊያ መንገድ ይተዋል። በሽታ የተጠረጠረበት መርከብ ለብቻው ይቆማል። ባሩድ የጫነም ከሰው ይርቃል።

አሁን ወደ ጥጃዋ እንመለስ። መልህቁ ችካሉ ነው፣ ሰንሰለቱ ገመዱ። ሰንሰለቱ ከውሃው ጥልቀት ብዙ እጥፍ ረዝሞ ይለቀቃል። ወለሉ ላይ ካልተኛ መልህቁ ይነቀላላ። ነፋሱ ወይም የውሃው ፍሰት አቅጣጫ ሲቀይር መርከቡ መልህቁን ይዞ ይዞራል።

እስቲ እናስላው። የውሃው ጥልቀት 12 ሜትር ነው እንበል። አምስት እጥፍ ሰንሰለት ሲለቀቅ 60 ሜትር ነው። መርከቡ ራሱ 100 ሜትር ይረዝማል። ስለዚህ ከመልህቁ ተነስቶ 160 ሜትር ድረስ ይደርሳል ማለት ነው። ያ ክብ 80 ሺህ ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። አሥራ አንድ የእግር ኳስ ሜዳ ነው፣ ለአንድ መርከብ! በዚያ ክብ ውስጥ ሌላ መርከብ ከቆመ ሌሊት ነፋስ ሲዞር ይጋጫሉ።

መፍትሔው ተንሳፋፊ ማሰሪያ ነው። ትልቅ በርሜል የመሰለ ነገር ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ከሥሩ ባህሩ ወለል ላይ በተቀበረ ከባድ ብረትና ሰንሰለት ተይዟል። መርከቡ መልህቅ አይጥልም፣ በርሜሉ ላይ ይታሰራል። ገመዱ ስላጠረ ክቡም ያንሳል። በፊትና በኋላ በሁለት ማሰሪያ ከተያዘ ደግሞ ጭራሽ አይዞርም። መርከቦች እንደ ታክሲ ተራ ጎን ለጎን ሊደረደሩ ይችላሉ።

ስለዚህ ጥሩ ቦታ ላይ የተተከለ ማሰሪያ መርካቶ ውስጥ መንገድ ዳር እንዳለ ሱቅ ነው። ያገኘ አይለቅም።

ታዲያ ተራ በተራ መጠቀም አይቻልም ነበር?

ነጋዴውም የጠየቀው ይህንኑ ነበር። የባህር ኃይል ማሰሪያ ብዙ ጊዜ ባዶውን ይታያል። መርከቦቹ ቅኝት ወጥተዋል። የነጋዴው መርከብ ግን ራቅ ብሎ ቆሞ ዕቃውን በትናንሽ ጀልባዎች ያመላልሳል። በእያንዳንዱ ጉዞ ገንዘብ ያወጣል። ባዶውን ማሰሪያ እያየ ቢናደድ አይፈረድበትም።

ባህር ኃይሉም የራሱ ምክንያት ነበረው። የጦር መርከብ በቀጠሮ አይመጣም። ሲመጣም ብዙ ሆኖ፣ ከሰል ጨርሶ፣ ምናልባትም ተመትቶ ነው። ከሰል፣ ውሃና ጥገና በአንድ ጊዜ ይፈልጋል። ያን ቀን "ነጋዴው ዕቃ እስኪያራግፍ ጠብቅ" ሊባል አይችልም። ሠርግ ቤት ለሙሽሮቹ ቤተሰብ የተያዘ ጠረጴዛ አይታችኋል። ሙሽሮቹ እስኪገቡ ባዶ ነው፣ ሌላው እንግዳ ቆሟል። ግን ማንም አይቀመጥበትም።

ሁለቱም ትክክል ናቸው ብዬ አምናለሁ። ክርክሩ የከረረውም ለዚህ ነው።

ሁለቱም የአንድ ንግሥት አገልጋዮች አይደሉም እንዴ?

ናቸው። ግን አለቃቸው አንድ አይደለም።

አገረ ገዥው ለቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ነው የሚጽፈው። የሚያስጨንቀው ግብር፣ ንግድና የከተማው ሕዝብ ነው። የባህር ኃይሉ አዛዥ ደግሞ ለአድሚራልቲ ይጽፋል። አድሚራልቲ የባህር ኃይሉ ሚኒስቴር ማለት ነው። አገረ ገዥው የንግሥቲቱ እንደራሴ ቢሆንም መርከቦቹን ማዘዝ አይችልም። አዛዡም በከተማው አስተዳደር አይገባም። አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት አከራይ እንዳለ ቁጠሩት። ተከራዩ በሩ ላይ ቆሞ ማንን ይጠይቅ?

ካልተስማሙ ጉዳዩ ለንደን ይሄዳል። እዚያ ሁለቱ ሚኒስቴሮች ይጻጻፋሉ። ገንዘብ ሚኒስቴሩ "ማን ነው የሚከፍለው?" ብሎ ይገባበታል። በ1840ዎቹ ከሆንግ ኮንግ የተላከ ደብዳቤ ለንደን ደርሶ መልሱ እስኪመለስ ወራት ይፈጅ ነበር።

እዚህ ላይ የወደብ ሹም የሚባለውን ሰው ማወቅ ያስፈልጋል። የትኛው መርከብ የት እንደሚቆም የሚወስነው እሱ ነው። ሲቪል ሹም ከሆነ ለአገረ ገዥው ይታዘዛል። የባህር ኃይል ሹም ከሆነ ለአድሚራልቲ። እንግሊዞች በራሳቸው አገር ይህን በሕግ ቆረጡት። በ1865 የወጣ ሕግ የባህር ኃይል መርከብ ማደሻ ያለባቸውን ወደቦች ለይቶ፣ በዚያ ውሃ ውስጥ የማሰሪያ ቦታ የሚመድበው የንግሥቲቱ የወደብ ሹም እንዲሆን አደረገ። ፖርትስመዝና ፕሊመዝ ዛሬም እንዲሁ ናቸው። በቅኝ ግዛቶቹ ግን ድንበሩ እንደየቦታው በድርድር ነበር የሚሰመረው።

ማልታ፦ ነጋዴው ጠቅልሎ ሲነሳ

ማልታ በሜዲትራኒያን መሃል ያለች ትንሽ ደሴት ናት። ሕዝቡ የሚናገረው ሴማዊ ቋንቋ ነው፣ ለአማርኛ የሩቅ ዘመድ። እኛ "ባሕር" የምንለውን እነሱም "ባሐር" ይሉታል። እንግሊዞች በ1800 ገቡባት፣ በ1814 በስምምነት ጸደቀላቸው። የፈለጉት ታላቁን ወደብ ነው።

ወደቡን እጃችሁን ዘርግታችሁ አስቡት። መዳፉ ሰፊው ውሃ ነው። ጣቶቹ ወደ የብስ የሚገቡ ጠባብ ሰርጦች ናቸው። በአንደኛው ሰርጥ ባህር ኃይሉ መርከብ ማደሻውን ይዞ ነበር። ከጎኑ ያለው "የፈረንሳይ ሰርጥ" የሚባለው የንግድ መርከቦች ቦታ ነበር።

ከዚያ መርከቦቹ አደጉ። ሸራ በእንፋሎት፣ እንጨት በብረት ተተካ። ባህር ኃይሉ በ1840ዎቹ የሠራው ደረቅ ገንዳ ጠበበው። ደረቅ ገንዳ ማለት መርከቡ ገብቶ በሩ ተዘግቶ ውሃው የሚመጠጥበት፣ የመርከቡ ሆድ የሚታደስበት ጉድጓድ ነው። አድሚራልቲ ለትልቅ ገንዳ ዓይኑን የጣለው በፈረንሳይ ሰርጥ ላይ ነበር፣ በነጋዴው ቦታ።

ነጋዴዎቹና የደሴቲቱ አስተዳደር ዝም አላሉም። ንግዱ የት ይሂድ? የተሰጣቸው ምትክ ማርሳ ነበር። ማርሳ የወደቡ መጨረሻ፣ ጥልቀት የሌለው ረግረጋማ ቦታ ነው። ስሙ በአረብኛ "መልህቅ መጣያ" ማለት ነው። ቀይ ባህር ዳር መርሳ ፋጡማን ወይም መርሳ ተክላይን የሚያውቅ ሰው ቃሉን ይለየዋል። በ1860ዎቹ ማርሳ ተቆፍሮ ለንግድ መርከቦች ተዘጋጀ። ባህር ኃይሉ የፈረንሳይ ሰርጥን ወሰደ። ሶመርሴት የተባለው ገንዳ በ1871 እዚያ ተከፈተ።

ጊዜው ልብ በሉልኝ። የስዊዝ ቦይ የተከፈተው በ1869 ነው። ወደ ህንድ የሚያልፈው ብዙ የንግድ መርከብ ከሰል ፍለጋ ማልታን ይነካ ጀመር። ነጋዴው ቦታ እጅግ በሚፈልግበት ሰዓት ነው ከተሻለው ሰርጥ ተነስቶ ጥግ የተሰጠው።

ኢትዮጵያ የማልታን ወደብ ባዶ ያደረገችበት ጊዜ

ይህ ከጭቅጭቁ ትንሽ ወጣ ይላል፣ ግን ልዘለው አልቻልኩም።

በ1935 ሙሶሊኒ አገራችንን ሊወር ሲዘጋጅ እንግሊዝና ጣሊያን ተፋጠጡ። ማልታ ከሲሲሊ 100 ኪሎ ሜትር እንኳ አትርቅም። የጣሊያን አውሮፕላን ቢነሳ ወደቡ ውስጥ የተደረደሩት መርከቦች የማይስቱት ዒላማ ናቸው። ስለዚህ የሜዲትራኒያን ጓድ ዋናው ኃይል ማልታን ለቆ አሌክሳንድሪያ ሄደ። ነጋዴ ተነስቶ የተያዘው የማሰሪያ ቦታ በእኛ ጦርነት ሳቢያ ባዶውን ቀረ። መርከቦቹ አሌክሳንድሪያ ቆመው አዩ እንጂ ለኢትዮጵያ አልተኮሱም። ይህ ዛሬም ያመኛል።

ሆንግ ኮንግ፦ ለመቶ ዓመት ለሁለት የተከፈለች ከተማ

እዚህ ላይ ቆየት እንበል።

እንግሊዞች ሆንግ ኮንግ ደሴት ላይ ባንዲራ የሰቀሉት ጃንዋሪ 26 ቀን 1841 ነው። የመጀመሪያው የወደብ ሹም ዊሊያም ፔደር የባህር ኃይል መቶ አለቃ ነበር። ስሙ ዛሬም መሃል ከተማ መንገድ ላይ አለ። በዚያው ዓመት ጁን ላይ የባህር ዳር መሬት ለነጋዴዎች በጨረታ ተሸጠ። ነጋዴ የገዛው መሬት ብቻ አልነበረም። ከፊቱ ያለውን የውሃ ዳር፣ ጀልባውን የሚያስጠጋበትንም ነው።

ከተማው ጠባብ ነው። ከኋላ ተራራ፣ ከፊት ባህር። በዚህች ጠባብ መሬት መሃል ላይ ጦሩና ባህር ኃይሉ ሰፈሩ። በስተደቡብ የወታደር ሰፈር፣ በስተሰሜን የባህር ኃይሉ መርከብ ማደሻ። ከፊቱ ያለው ውሃም የጦር መርከቦች ማሰሪያ ሆነ።

አገረ ገዥ ጆን ቦውሪንግ በ1850ዎቹ አንድ ሐሳብ አመጣ። የባህሩን ዳር በአፈር ሞልቶ ከጫፍ ጫፍ የሚሄድ አንድ መንገድ መሥራት። "ፕራያ" አሉት፣ በፖርቱጋልኛ የባህር ዳር ማለት ነው። የባህር ዳር መሬት የገዙት ትልልቅ ነጋዴዎች የውሃ ዳራችን ሊወሰድ ነው ብለው ተነሱ። ጦሩም በሰፈሬ አታልፍም አለ። በ1859 ጉዳዩ ለሕግ አውጪው ምክር ቤት ሲቀርብ የራሱ ሹማምንት ሳይቀሩ ቦውሪንግን ትተውት ሐሳቡ ወደቀ። የንግሥቲቱ እንደራሴ ነበር። ግን አቅሙ የወታደሩ አጥር ጋ ሲደርስ አለቀ።

ከሦስት አሥርተ ዓመታት በኋላ ፖል ቻተር የተባለ ነጋዴ ሥራውን አስጀመረው። ካልካታ የተወለደ አርመናዊ ነው። ከ1890 እስከ 1904 የከተማው የባህር ዳር ተሞላ። መንገዱ ከምዕራብ መጣ፣ መጣ፣ የባህር ኃይሉ ግቢ ሲደርስ ቆመ።

ሕዝቡ ባህር ኃይሉ ወዲያ ማዶ ወደ ካውሉን እንዲሻገር ጠየቀ። አድሚራልቲ አልተነሳም። እንዲያውም በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ባህሩን ሞልቶ ግቢውን አሰፋ፣ አዲስ ደረቅ ገንዳም ቆፈረ። ከመሃል ከተማው ሴንትራል በስተምሥራቅ ወዳለው ዋን ቻይ የሚሄድ ሰው፣ ጋሪና ከ1904 ጀምሮ ትራም፣ ሁሉም በሰፈሩና በማደሻው መሃል ባለች አንዲት መንገድ ይጨናነቅ ነበር። መርከብ የት ይታሰር የሚለው ክርክር የመንገድ መዘጋጋት ሆኖ የከተማው ሰው ጫማ ሥር ገባ።

ውሃው ላይ ያለውን ደግሞ አንዲት መርከብ ታሳየናለች። "ታማር" ትባላለች፣ በ1863 የተሠራች የወታደር ማጓጓዣ። በ1897 ሆንግ ኮንግ ቀረች። ጉዞዋ አብቅቶ ተንሳፋፊ ጽሕፈት ቤትና ማደሪያ ሆነች። እስከ 1941 ድረስ፣ 44 ዓመት ሙሉ፣ በዚያ ወደብ ቦታ ይዛ ኖረች። ጃፓኖች ሲመጡ በእጃቸው እንዳትገባ እንግሊዞቹ ራሳቸው ዲሴምበር 12 ሌሊት አሰመጧት። ስሟ ግን የባህር ኃይሉ ግቢ ስም ሆኖ ቀረ።

በአውሎ ነፋስ ቀን የማሰሪያ ዋጋ የሕይወት ዋጋ ይሆናል። ሴፕቴምበር 18 ቀን 1906 የመታው አውሎ ነፋስ በሰዓታት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ገደለ። ብዙዎቹ በጀልባ ላይ የሚኖሩ ድሆች ነበሩ። ያን መሰል ቀን መልህቅ ብቻውን አይበቃም። ጠንካራ ማሰሪያ ወይም የተከለለ ሰርጥ ያስፈልጋል። የወደብ ካርታ ላይ "ለባህር ኃይል" ተብሎ የተሰመረ ክብ ለጀልባ ነዋሪ ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ ይገባችኋል።

ማደሻው የተዘጋው በ1959 ነው። ገንዳው በአፈር ተሞላ። ሴንትራልንና ዋን ቻይን በባህሩ በኩል የሚያገናኝ ሰፊ መንገድ ወጣ። ቦውሪንግ ከጠየቀ መቶ ዓመት ሆኖታል። ዛሬ እዚያ የምድር ባቡር ጣቢያ አለ። ስሙ አድሚራልቲ ነው።

ይህ ከኛ ጋር ምን ያገናኘዋል?

የምጽዋን ዘመን የሚያስታውስ ሰው ያውቀዋል። በ1955 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ባህር ኃይል ዋና ሰፈሩ ምጽዋ ነበር፣ የንግድ መርከቡም ምጽዋ ይገባ ነበር። ምጽዋ በ1990 በሻዕቢያ እስክትያዝ ድረስ እንዲህ ኖሩ።

አሁን ደግሞ ጅቡቲ አለች። የወጪና ገቢ ንግዳችን አብዛኛው በዚያ ነው የሚያልፈው። ፈረንሳይ፣ አሜሪካ፣ ጃፓንና ጣሊያን እዚያ ጦር አላቸው። ቻይና በ2017 የከፈተችው ሰፈር የሚገኘው ከዶራሌ ሁለገብ ወደብ ጎን ነው። በአንድ ወገን የጦር መርከብ መጠጊያ፣ በሌላው ወገን ለሞጆ ደረቅ ወደብ የሚጫን ኮንቴይነር። የማልታው ነጋዴ ቢያየው ጥያቄው የሚጠፋው አይመስለኝም፦ ሁለቱ በአንድ ቀን ቢመጡ ማን ይቀድማል?

ስለዚህ ስለ ወደብ የተጻፈ ስምምነት እጃችሁ ከገባ "ስንት ኪሎ ሜትር ነው?" ከሚለው በፊት ጥቂት ነገሮችን ፈልጉ። የወደብ ሹሙ ለማን ይታዘዛል? ባዶ የሆነ የጦር መርከብ ማሰሪያ ላይ ነጋዴ መታሰር ይችላል? ማሰሪያው ወይም መጠጊያው ቦታ ቢቀይር ወጪው የማን ነው?

አስቀድሞ ተጽፎ ቢቀመጥ ጠብ ይቀራል?

ይቀንሳል እንጂ አይቀርም። ሆንግ ኮንግ ለቻይና ከመመለሷ በፊት እንግሊዝና ቻይና በ1994 ስለ ወታደራዊ ቦታዎች ተስማሙ። ባህሩ እየተሞላ ስለነበር የድሮው ታማር ግቢ ከውሃ መራቁ አይቀርም። ስለዚህ ከአዲሱ የባህር ዳር ላይ 150 ሜትር ለጦር መርከብ መጠጊያ እንዲያዝ ጻፉት። ልኩ ሳይቀር ተጽፏል።

ይሁንና በ2013 ቦታው በከተማው ፕላን ላይ "ወታደራዊ" ተብሎ ሊሰመር ሲል በሺዎች የሚቆጠሩ የተቃውሞ ጽሑፎች ገቡ። ሰዎቹ ለመናፈሻ ሲጠብቁት የኖሩት የባህር ዳር ነው። የከተማው መንግሥት የቻይና ሠራዊት በማይጠቀምበት ጊዜ ለሕዝብ ክፍት ይሆናል አለ። ለዚህም ሲባል መጠጊያው በግንብ አልታጠረም። በ2020 ለሠራዊቱ ሲተላለፍ የተሠራለት ተጣጥፎ የሚከፈት በር ነበር።